ስትሮክ ሲደገምም ተስፋ አይቆረጥም

ስትሮክ አንድ ጊዜ በገባበት ቤት ውስጥ «ይደገም ይሆን?» የሚለው ሥጋት ከቤተሰቡ ልብ አይጠፋም። ሥጋቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ ጊዜ የተመታ ሰው እንደገና የመመታት ዕድሉ ካልተመታው ሰው ይልቅ ከፍ ያለ ነው። ይሁን እንጂ ከበሽታው ባላነሰ የሚጎዳው፣ ሕመሙ ሲደገም «እንግዲህ ዕድሏ ነው፣ ከዚህ በኋላ ምን ይደረጋል?» ብሎ እናትን አልጋ ላይ አስተኝቶ ማልቀስ ነው። ስለሆነም በዛሬው ዓምዳችን፣ ስትሮክ ለሁለተኛ ጊዜ ለመታው ሰውም ሕክምና ሊኖር እንደሚችል እንገልጽላችኋለን።

አብዛኛው ስትሮክ የሚከሰተው የረጋ ደም ወደ አንጎል የሚሄደውን የደም ሥር ሲደፍን ነው። ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ቶሎ ይሞታል። ትልቅ የደም ሥር ሲደፈን በእያንዳንዱ ደቂቃ ወደ 1.9 ሚሊዮን የሚጠጉ የአንጎል ሕዋሳት እንደሚጠፉ ሊቃውንት ገምተዋል።

ይህን የረጋ ደም ጭንቅላት ሳይከፈት ማውጣት ይቻላል። ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ቀጭን ቱቦ ወደ ደም ሥር ያስገባና በራጅ እየተመለከተ እስከ ተደፈነው ቦታ ያደርሰዋል። ከዚያም የረጋውን ደም መረብ በሚመስል ቀጭን ሽቦ ይዞ ይስበዋል፤ ወይም በቱቦው መጥጦ ያወጣዋል። በኔዘርላንድ 16 ሆስፒታሎች በ500 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ይህ ሕክምና ከተጨመረላቸው ከመቶው 33 ያህሉ ከ3 ወር በኋላ ራሳቸውን ችለው መኖር ሲችሉ፣ ካልተጨመረላቸው ግን 19 ያህሉ ብቻ እንደቻሉ አሳይቷል።

ታዲያ አንድ ጊዜ የወጣለት ሰው ሌላ የረጋ ደም ቢመጣበትስ? ሥራው እንደገና ሊሠራለት ይችላል። ይህ የሚያጋጥማቸው ሕሙማን ጥቂቶች ቢሆኑም፣ በደንብ ተመርጠው ሁለተኛ ጊዜ የታከሙት ያገኙት ውጤት አንድ ጊዜ ብቻ ከታከሙት ብዙም እንደማይለይ ሐኪሞች ታዝበዋል። እንዲያውም የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ ባለፉት 3 ወራት ስትሮክ ለመታው ሰው በአብዛኛው ስለማይሰጥ፣ ለእንደዚህ ዓይነቱ ሕመምተኛ በቱቦ ማውጣቱ ዋናው መንገድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

በርግጥ ይህ ሕክምና በየሆስፒታሉ አይገኝም፤ ለሁሉም ሕመምተኛ አይሆንም። ሐኪሙ በመጀመሪያ በሲቲ ስካን ደም አለመፍሰሱን ያረጋግጣል፤ የተደፈነው የደም ሥር ትልቅ መሆኑንም ያያል። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በ6 ሰዓት ውስጥ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተሙ ጥናቶች ግን በአንጎል ምርመራ የተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ድረስ ሊጠቀሙ እንደሚችሉ አሳይተዋል።

እዚህ ላይ የአስታማሚው ድርሻ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ስትሮክ የተወውን ድካም ከማንም በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ፊት ድንገት ከተጣመመ፣ ትናንት ማንኪያ ይይዝ የነበረ እጅ ዛሬ ከወደቀ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ «የድሮው ሕመም ነው» ብላችሁ አትለፉት። «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ በማሸትም ጊዜ አይባክን። ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ያዙ፤ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሰብስባችሁ ወዲያው ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል አድርሱት። ሊያንቀው ስለሚችል ምግብም ውሃም አትስጡት፤ የሚፈስ ደም ካለ ሊያባብሰው ስለሚችል አስፕሪንም አታውጡት። ሐኪሙ «ከዚህ በፊት ራሱን ችሎ ይበላ፣ ይራመድ ነበር?» ብሎ ሲጠይቃችሁ እውነቱን በዝርዝር ንገሩት፤ ውሳኔው ከመልሳችሁ ጋር የተያያዘ ነው።

የረጋው ደም ቢወጣም ያመጣው ምክንያት አብሮ አይወጣም። ከምክንያቶቹ ዋነኞቹ የደም ግፊትና የልብ ምት መዛባት ናቸው። ደም ማቅጠኛ የታዘዘለት ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጥ፣ ዋርፋሪን የሚወስድም የደም ምርመራ ቀጠሮውን እንዳያሳልፍ አስታውሱት። በአገራችን ወጣት እናቶችን ጭምር ለዚህ አደጋ የሚያጋልጠው አንዱ ምክንያት፣ በልጅነት ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትለው የልብ በር ጉዳት ነው። ስለዚህ የልጅን የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ማሳከም ነገ የሚመጣውን ስትሮክ ከወዲሁ መከላከል ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ በቅርብ ያለው ሲቲ ስካን የት እንደሚገኝ፣ በሌሊት መኪና ከማን እንደሚገኝ ዛሬውኑ ከቤተሰባችሁና ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። በዚያች ሰዓት ምክክር መጀመር ሕይወት የሚያስከፍል መዘግየት ነው።