እጃችሁን ከጽሑፉ ላይ አንሱ

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታና ሌሎቹ የአዲስ አበባ ዙሪያ ከተሞች «ሸገር ከተማ» በሚል አንድ አስተዳደር ሥር ሲጠቃለሉ፣ አንድ ደንበኛዬ ድረ ገጹ ላይ ያሉትን አድራሻዎች እንዳድስለት ጠየቀኝ። የቡራዩ ልጅ ነኝ፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል? በአንድ መስመር ሬጀክስ (የጽሑፍ መፈለጊያ ንድፍ) «ሰበታ ከተማ» የሚለውን ሁሉ «ሸገር ከተማ» አደረግኩት። (ሸገር ለስንቱ ሰው አዲስ አበባ ማለት እንደሆነ ለጊዜው እንተወው።) በማግስቱ የስፖርት ዓምዱን ብከፍት፣ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ ይጫወት የነበረው ሰበታ ከተማ የሚባል የእግር ኳስ ክለብ የለም። ጎሎቹን በሙሉ ያገባው ሸገር ከተማ ነው!

ወደኋላ ልመልሰው ብል፣ እውነተኛው ሸገር ከተማም አብሮ ሰበታ ሊሆን ነው። ባክአፕ አልያዝኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሙያ ባልደረቦቼ ግን እናንተም አታመልጡኝም።

አማርኛውን ሳትሞክሩ የእንግሊዝኛ ኮድ ትገለብጣላችሁ። ጃቫስክሪፕት ውስጥ «የቃል ወሰን» የሚባለው ምልክት የሚያውቀው የላቲን ፊደልን፣ አኃዝንና የታች ሰረዝን ብቻ ነው። «ሰ» ለእሱ ፊደል አይደለችም። በአማርኛ ዓረፍተ ነገር መሀል «ሰበታ»ን በዚያ ምልክት አጥራችሁ ፈልጉ፤ ምንም አታገኙም። ቢሠራ ኖሮም «የሰበታ» እና «ከሰበታ» ያመልጡት ነበር። ፒኤችፒ ላይ ደግሞ የዩኒኮድ ምልክቷን ረስቶ [ሰሠ]ን በ«ሰ» የሚተካ አለ። በዩቲኤፍ-8 ፊደላችን እያንዳንዱ ሦስት ባይት ነው፤ የመጀመሪያው ባይት ደግሞ ከሀ እስከ ፐ አንድ ነው። ሰውዬው ሠን አስተካከልኩ ሲል ገጹ በሙሉ ይፈርሳል።

ይሄኛውስ ቢያንስ ወዲያው ይታያል። ደሜን የሚያፈላው በትክክል የሚሠራው ነው፦ «ሞክሼ ፊደላትን እናጽዳ» እያለ ጽሑፉ ዳታቤዝ ውስጥ ሳይገባ ሐን ወደ ሀ፣ ዐን ወደ አ የሚለውጠው። የሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት በዚህ ወንፊት አልፎ «መርሀ እውራን» ሆኖ ይወጣል። የተቋምን ስም እንድታርሙ ማን ወከላችሁ? የትኛው ሀ ቀድሞ ሐ እንደነበር፣ የትኛው ኀ እንደነበር በኋላ የሚነግራችሁስ ማን ነው?

ችግሩ እንዳለ አልክድም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን የሚፈልግ አንባቢ «ኃ»ን በስድስት ዓይነት ሊጽፋት ይችላል፤ «ሥ»ን በሁለት፤ የአባቱንም ስም አያይዞ ወይም ለያይቶ። በድምሩ 24 መንገድ። ታዲያ [ሀሃሐሓኀኃ] ብላችሁ በፍለጋው በኩል አመሳስሉለት! ፈላጊው እንዳሻው ይጻፍ፣ ማሽኑ ይልፋ፤ የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ይቀመጥ።

እኔ የሰበታን ጎሎች አንድ በአንድ በእጄ መለስኩ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ።