ግሡን ከነጓዙ

የጅቡቲ የመንግሥት ቋንቋዎች ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው፤ በየሰፈሩ ደግሞ ሶማልኛና አፋርኛ ይሰማል። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በአብዛኛው በሚያልፍበት ወደብ ግን የመርከብ ሰነዱ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ለወደብ ሥራ እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ ጥምር ግሦችን ቃል በቃል ከመፍታት ይልቅ እንዳሉ ቢይዛቸው ይሻላል። «ሆልድ ኦን» ሲሉት የሚጨብጠው ነገር ይፈልጋል፤ የተባለው ግን «ቆይ» ነው። ደግሞስ ምን ይገርማል? እኛም «ብድግ አለ» ስንል የተናገረ ሰው የለም። የሰነድ ቃላት ይበቃሉ የሚሉ አሉ፤ ለወረቀቱ እውነታቸውን ነው። ቀጠሮውና ጭቅጭቁ ግን በስልክ ነው፤ «ኮል ኦፍ» ሲባል «ደውል» ብሎ የተረዳ ትራንዚተር የተሰረዘ ጭነት ሲጠብቅ ይውላል።