«ቋጣሪ» ፈረንጅ ይምጣልን!

ሐረር ውስጥ አንድን የውጭ አገር ሰው ለማጣጣል ከተፈለገ «ቋጣሪ ነው» ማለት ይበቃል። ቦርሳውን አዝሎ፣ በአውቶቡስ ተንገላቶ የመጣ፣ ሙዝ ሲገዛ የሚከራከር፣ ባጃጅ ውስጥ ከመግባቱ በፊት «ሐበሻ ስንት ነው የሚከፍለው?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ በቃ፣ ከሰው ተራ ወጣ። «ፈረንጅ ሆኖ ድሃ!» ይባልለታል። እኔ ደግሞ ዛሬ ለዚህ ሰው ጥብቅና ልቆም ነው። አበል የከፈለኝ የለም።

ለመሆኑ ይህ ሰው ማነው? ብዙውን ጊዜ ተማሪ ወይም አስተማሪ ነው። አለበለዚያም ሥራውን ለቆ፣ ያጠራቀማትን ይዞ ዓለምን ሊያይ የወጣ ወጣት ነው። ገንዘቧ ለወራት እንድትበቃው «በቀን ይህን ያህል» ብሎ ይሰፍራታል። ከዚያች ካለፈ አንድ ቀን ከጉዞው ተቀነሰ ማለት ነው። እዚህ ላይ ነው እኛ የምንሳሳተው። ሰውየው የሚቆጥበው ገንዘቡን ይዞ ወደ አገሩ ሊመለስ ሳይሆን አንድ ቀን ተጨማሪ እዚሁ እኛው ዘንድ ሊያድር ነው!

እስቲ ገንዘቡ የት እንደሚገባ እንከተለው። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአዲስ አበባ–ሐረር መንገድ በአውቶቡስ ይመጣል። ወይም በባቡር ድሬዳዋ ወርዶ በሚኒባስ ይወጣል። የሚያድረው ጀጎል ውስጥ፣ የሐረሪ እናቶች ከመኖሪያቸው ከፍለው በሚያከራዩት ክፍል ነው። ነደባው ላይ ተቀምጦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስፌት ሲያይ ያመሻል። ቁርሱ ፈጢራ ነው። ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይዞራል፤ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ ስፍራዎች አሉባት የምትባለውን ከተማ በአንድ ቀን ማን ይጨርሳታል? መኪና ግርግር ሲደርስ ሱሪውን ያሳጥራል። ለሻይ ሻጯ፣ ለልብስ ሰፊው፣ ለባጃጁ፣ ለቤት አከራይዋ እያለ እጅ በእጅ ሲከፍል ይሰነብታል።

አሁን ደግሞ የምንሰግድለትን «ሀብታም ቱሪስት» እንይ። ጠዋት በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይደርሳል። ላንድክሩዘር ይጠብቀዋል። ሂሳቡ ገና አገሩ ሳለ ለአስጎብኚ ድርጅት ተከፍሏል። ትልቁ ሆቴል ምሳውን ይበላል፣ ከሰዓት ጀጎልን በካሜራው አይን ያያታል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ የለም። ከዚያ ሁሉ ዶላር ፈረስ መጋላ የደረሰው ስንት ነው? ፈጢራ ጋጋሪዋን ጠይቋት።

ለነገሩ ሐረር ቋጣሪ ፈረንጅ ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። ዛሬ በስሙ ቤት ሰይመን ቲኬት የምንቆርጥበት አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ የመጣው የባርዴ ኩባንያ ቅጥረኛ ሆኖ፣ ቡናና ቆዳ ሊገዛ ነበር። የሰውየው ቁጠባ ለጉድ ነው! በ1887 ከካይሮ ወደ ቤተሰቡ ሲጽፍ 16,000 ፍራንክ ያህል ወርቅ ወገቡ ላይ ታጥቆ እንደሚዞር፣ ክብደቱ 8 ኪሎ እንደሚሆንና ተቅማጥ እንዳስያዘው ያማርራል። (ቤቱን አንድ የህንድ ነጋዴ ነው ያሠራው፣ ራምቦ አልኖረበትም የሚሉ ብዙ ናቸው። ይህንን ግን ለቱሪስቱ ማን ይነግረዋል?) ያ ወርቁን የታጠቀ ቋጣሪ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላም ለሐረር እንግዳ ይጠራላታል።

የሎንሊ ፕላኔት መጻሕፍት መሥራቾችም እንዲሁ ነበሩ። ባልና ሚስቱ ከእንግሊዝ ተነስተው እስያን በየብስ አቋርጠው አውስትራሊያ ሲገቡ ኪሳቸው ውስጥ የቀረቻቸው 27 ሳንቲም ነበረች። በ1973 የመጀመሪያዋን ትንሽ መጽሐፍ አወጡ፤ ከዚያ በኋላ የት መሄድ እንደሚሻል የዓለም መንገደኛ እነሱን የሚጠይቅ ሆነ። ታዲያ ዛሬ ባጃጅ ላይ ሦስት እጥፍ ያስከፈልነው ልጅ ነገ ስለ እኛ ምን ብሎ እንደሚጽፍ በምን እናውቃለን?

የውጭ ሰው ከአገሬው እኩል ይክፈል አላልኩም። እኔ ራሴ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ወርጄ አውቃለሁ። የነፃ ጋዜጠኛ ኪስ ምን እንደምትመስል ታውቃላችሁ፤ በማታቱ ነበር የምንቀሳቀሰው፣ ምሳዬም ሹፌሮቹ ከሚበሉበት ነበር። ብሔራዊ ፓርካቸው ለኬንያዊና ለውጭ ሰው የተለያየ ዋጋ አለው። ግን በግልጽ የወጣ ዋጋ ነው። ከአገሬው አብልጬ ከፈልኩ፣ ደረሰኜን ተቀበልኩ፣ ቅርም አላለኝም። የእኛ ችግር ዋጋው የሚጻፈው በእንግዳው የቆዳ ቀለም ላይ መሆኑ ነው። ሸዋ በር ላይ «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» እየተባለ የሚጀመረው ድርድር፣ ሳይጠሩት የሚከተለው አስጎብኚ ነኝ ባይ፣ ሲጨርስ የሚፈጠረው ጭቅጭቅ... ወይ ጉድ! ይህ ቁጣ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ለእኛም መትረፍ ጀምሯል፤ አነጋገራችን ላይ ትንሽ መሀል አገር ከሸተተ ዋጋው ከፍ ይላል።

ድሃውን ባጃጅ ነጂ ብቻ ግን አንክሰስ። ከላይ የተማረው ነው። በ2005 ዓ.ም. የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መግቢያ ለውጭ አገር ሰው ከ350 ብር ወደ 50 ዶላር ሲዘል፣ በቀን ጥቂት ዶላር ሰፍሮ የሚጓዘው ሰው ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ነበር? መንግሥትስ «ገበታ ለሀገር» ብሎ በጎርጎራ፣ በወንጪ፣ በኮይሻ ሲገነባ ያሰበው ለየትኛው እንግዳ ነው? ሪዞርት መሠራቱን አልጠላም። ነገር ግን ለባለ ቦርሳው መንገደኛ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት፣ የታወቀ የሚኒባስ ታሪፍና አቅጣጫ የሚያሳይ ካርታ ከሪዞርት በፊት ይመጣሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። የእኛ ሰው ውጭ አገር የመሄድ ሕልሙ በአንድ ክረምት እጥፍ ተወደደበት፤ ፓስፖርት እንኳ በዚያው ሰሞን ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ወጥቷል። በአንጻሩ ለፈረንጁ አገራችን ረከሰች። በቀን የሚሰፍራት ዶላር ድሮ ከምትገዛው የበለጠ መግዛት ቻለች። እና ይህ ሰው ሐረርን አልፎ ወደ ሌላ የሚሄድ ከሆነ ምክንያቱ የዋጋው መብዛት አይደለም፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ አለማወቁ ነው።

የክልሉ የቱሪዝም ኃላፊዎች አንድ ነገር ያድርጉ። በጀጎል በሮች ሁሉ ላይ ሠሌዳ ይትከሉ። ባጃጅ ከዚህ እስከዚያ ይህን ያህል፣ ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ለግማሽ ቀን ይህን ያህል፣ የጅቡ ትርኢት ይህን ያህል ተብሎ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ከዚያ ያለፈ ያስከፈለ የሚከሰስበት ስልክ ቁጥር ከሥሩ ይቀመጥ። ሥራው ጣውላና ቀለም ነው፤ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።