ፕላስ ማይነሷን ማን በላት?

እኛ ጋዜጠኞች አንድ ክፉ አመል አለብን። ሳይንቲስት «ከዚህ እስከዚህ ይሆናል» ሲለን፣ «ይኸው ነው!» ብለን እንጽፋለን።

እስቲ በድንጋይ እንየው። ሜታሞርፊክ ድንጋይ ሳይቀልጥ በሙቀትና በግፊት የተለወጠ ድንጋይ ነው። በየሕንጻው ደረጃ የምንረግጠው እብነ በረድ ድሮ የኖራ ድንጋይ ነበር። ቴርሞሜትር ይዞ አብሮት የወረደ ሰው የለም፤ ያየውን የሚናገሩት ውስጡ ያሉት ማዕድናት ናቸው። ለምሳሌ ጋርኔትና ባዮታይት ብረትና ማግኒዚየምን የሚካፈሉት እንደ ሙቀቱ ነው። ፌሪና ስፒር ይህን በቤተ ሙከራ ለክተው እ.ኤ.አ. በ1978 አሳትመዋል። የሚወጣው ቁጥር ግን 50 ዲግሪ ያህል ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ክርስቲያን ሾፓን በጣልያን አልፕስ፣ ዶራ ማይራ ከሚባለው ቦታ፣ ጋርኔት ውስጥ ታሽጎ የቆየ ኮሳይት ማግኘቱን አሳወቀ። ኮሳይት በይዘቱ ከኳርትዝ አይለይም፤ ግን በ700 ዲግሪ ሴልሽየስ አካባቢ ለመፈጠር አየር ከሚጫነን ከ25 ሺህ እጥፍ በላይ ግፊት ይፈልጋል። ወደ ጥልቀት ሲመነዘር 90 ኪሎ ሜትር ገደማ! ርዕስ ተገኘ ማለት ነው።

ቆይ ግን! ያ ምንዛሪ የሚሠራው ግፊቱ በሙሉ ከላይ ከተጫነው ድንጋይ ክብደት የመጣ ከሆነ ነው። አህጉራት ሲጋፉ ድንጋዩ ከጎንም ስለሚጨመቅ ጥልቀቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ አይሆንም የሚሉም አሉ። ደግሞም ድንጋዩ ወርዷል፣ ሞቋል፣ ተመልሶ ወጥቷል። የጋርኔቱ መሀልና ጠርዝ የተለያየ ዘመን ሊመዘግቡ ይችላሉ። የእኛ አንድ ቁጥር ከዚያ ሁሉ ጉዞ አንዷ ፌርማታ ናት።

«አንባቢ ግራ ይጋባል» ይሉናል አለቆቻችን። ባለታክሲው «ሃያ ደቂቃ፣ ከተዘጋጋ አርባ» ሲለን ግራ ተጋብተን እናውቃለን? አንባቢ ግራ የሚጋባውስ ዛሬ 90 ብለን ነገ 60 ስንል ነው። ያኔ «ሳይንስ ዋሸ» ይላል፤ እኛም ዝም እንላለን።

ፕላስ ማይነስ መብላት በድንጋይ ላይ የለመደ እጅ በመድኃኒትና በኑሮ ውድነት ቁጥር ላይም አይሰበሰብም። ቦታ ጠበበ ከተባለ ቅጽላችንን እንቁረጥ፤ እሷን ግን እንተዋት።