ችግኙን ከመትከል በፊት አፈሩን እንመርምር

ጨው በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የተከበረ ነገር ነው። አሞሌው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል፤ ወጥም ያለ እርሱ አይጥምም። ነገር ግን በማዕድ ላይ ወዳጅ የሆነው ጨው በአፈር ውስጥ ሲበዛ ለለጋ ዛፍ ብርቱ ጠላት ይሆናል።

ለዚህም የመካከለኛው አዋሽ ሸለቆ ምስክር ነው። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በመልካ ሰዲና በአሚባራ የጥጥ እርሻ በመስኖ ሲስፋፋ፣ ውሃው ወደ ማሳው ለሚገባበት ቦይ የታሰበውን ያህል ትርፉ ለሚወጣበት ማንጣፈፊያ አልታሰበም። ከዚህም የተነሣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ እያለ መጣ፤ የቆላው ፀሐይም ውሃውን እያተነነ ጨዉን በአፈሩ ላይ ተወው። ለም የነበረ ብዙ መሬት ነጭ ቅርፊት ለብሶ ከእርሻ ወጣ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ጉዳቱ የታወቀው ውሎ አድሮ ነው።

በእንዲህ ያለ መሬት የተተከለ ችግኝ ከእርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ይጠማል። ጨዉ ውሃውን አጥብቆ ስለሚይዝበት ሥሩ መሳብ ይሳነዋል፤ ወደ ውስጥ የዘለቀውም ጨው ቅጠሉን ከጫፉ ጀምሮ ያደርቀዋል። የለጋው ሥር ገና አጭር ስለ ሆነ፣ ጨው ከተከማቸበት ከላይኛው አፈር የሚያመልጥበት መንገድ የለውም። ተምር ጨውን በብዙ ይታገሣል፤ ብርቱካንና ሎሚ ግን በጥቂቱ ይጎዳሉ። ይሁን እንጂ ጨው የሚችል ዛፍ ሁሉ ይበጃል ማለት አይደለም፤ ከውጭ የመጣው ፕሮሶፒስ ጨውን ችሎ በመብቀሉ የአፋርን ሰፊ የግጦሽ መሬት ወርሮታል።

ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ በየክረምቱ ችግኝ በብዛት ተተክሏል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው የተተከለው ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ የደረቀውን የሚቆጥር አይገኝም። ስለዚህ በየወረዳው በኀላፊነት የተቀመጡ ወጣቶች፣ በተለይም በቆላና በመስኖ አገር ያሉት፣ ጉድጓድ ከማስቆፈራቸው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ ዘንድ እናሳስባለን፦ አፈሩ ተመርምሯልን? ትርፍ ውሃ መውጫ አለውን? የተመረጠው ዛፍ ለቦታው ይስማማልን?

የአፈር ጨው የሚለካው አፈሩ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ነው፤ መሣሪያውም በእጅ የሚያዝ ትንሽ ዕቃ ነው። በጨው የተበላሸን መሬት ለማዳን ግን ማንጣፈፊያ መቆፈርና በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል፤ ይህም ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ይጠይቃል። ተማሪዎቻችንም ይህን ዕውቀት ከደብተር አውጥተው ወደ ገበሬው ማሳ ቢያደርሱት አገራቸውን በእውነት ይጠቅማሉ።