አትርፍ ባይ አጉዳይ፦ የሁለት ሚሊሜትር ሂሳብ

ነዳጅ፣ የምግብ ዘይት ወይም ሞላሰስ የሚያከማችበት ታንከር ለማሠራት የተነሣ ነጋዴ ከሦስት ወርክሾፖች ፕሮፎርማ ሲሰበስብ ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በመጨረሻው ድምር ላይ ነው። ርካሹ ፕሮፎርማ ከምን ላይ ቀንሶ እንደረከሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለመቀነስ ከሚመቹት አንዱ የላሜራው ውፍረት ነው፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ በዓይን አይለይምና።

ለመሆኑ ውፍረቱ በምን ይሰላል? ከፊሉ የፈሳሹን ግፊት ለመቋቋም የሚያስፈልግ ነው። ቀሪው ለዝገት ተብሎ የሚጨመር መጠባበቂያ ነው። ብረቱን ዝገት በዓመት 0.1 ሚሊሜትር ይበላዋል ተብሎ ከተገመተና ታንከሩ 20 ዓመት እንዲያገለግል ከተፈለገ 2 ሚሊሜትር ይጨመራል። በሂሳብ መዝገብ ላይ የእርጅና ቅናሽ የሚባለው ወጪ እዚህ በብረት አስቀድሞ ተከፈለ ማለት ነው።

ቁጥሩን የሚወስነውስ ማን ነው? በዘርፉ በስፋት የሚሠራበት የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ደረጃ፣ ኤ.ፒ.አይ 650፣ ውሳኔውን የተወው ለገዢው ነው። ገዢው ዝም ካለ መጠባበቂያው ዜሮ ሊሆን ይችላል፤ ወርክሾፑም ውል አፍርሷል ለማለት ያስቸግራል።

እርግጥ ነው፣ ብረት ውድ ነው። የጎን ስፋቱም ቁመቱም 10 ሜትር የሆነ ክብ ታንከር 785 ሺህ ሊትር ገደማ ይይዛል። በግድግዳውና በወለሉ ላይ 2 ሚሊሜትር ቢጨመር ወደ 6.2 ቶን ተጨማሪ ላሜራ ይፈልጋል። በወለሉ ላይ ብቻ ከሆነ ግን 1.2 ቶን ይበቃል። ስለዚህ “ሁሉም ቦታ ይወፍር” ማለትም ብልህነት አይደለም። በናፍጣ ታንከር ውስጥ ውሃ ከነዳጁ ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል። ወለሉን ከውስጥ ውሃው፣ ከሥር እርጥብ አፈር ይበሉታል። ገንዘቡ መዋል ያለበት በቅድሚያ እዚያ ነው።

ይሁንና ዝገት ሁልጊዜ እኩል አይበላም፤ አንድ ቦታ መርጦ እንደ ብል ይቦረቡራል። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2014 በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ፍሪደም ኢንዱስትሪስ ከተባለ ኩባንያ ታንከር 38 ሺህ ሊትር ገደማ ኬሚካል ሾልኮ ኤልክ ወንዝ ደረሰ። 300 ሺህ ያህል ሰዎች የቧንቧ ውሃ እንዳይጠቀሙ ታዘዙ። መርማሪዎች ያገኙት ዝገት የበሳቸውን ትንንሽ የወለል ቀዳዳዎች ነበር። ኩባንያው በስምንት ቀን ውስጥ የኪሣራ ማመልከቻ አስገባ። መጠባበቂያው ጊዜ ይገዛል እንጂ ምርመራን አይተካም።

ያገለገለ ዲፖ ለሚያሻሽጡ ደላሎችና ለሚገዙ ባለሀብቶችም ነገሩ ያው ነው። የተቀባ ታንከር ዕድሜውን አይናገርም፤ የሚናገረው በአልትራሳውንድ የተለካ የወለል ውፍረት ነው። ያ ወረቀት ሳይቀርብ የሚቆረጥ ዋጋ የብረት ዋጋ ሳይሆን የቀለም ዋጋ ነው። አዲስ የሚያሠራውም የላሜራውን ውፍረት፣ የመጠባበቂያውን ልክና የምርመራውን ጊዜ በውሉ ላይ ያስጽፍ። 1.2 ቶን ላሜራ ቆጥቦ 785 ሺህ ሊትር ነዳጅ ለአደጋ ማጋለጥ ንግድ ሊባል አይችልም።