ቅቤው፣ አረቄውና ጀሪካኑ

ፕላስቲክ የተሠራባቸው ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ከቦታቸው እምብዛም አይነቃነቁም፤ በመካከላቸው የሚቀሩት ጥቃቅን ኬሚካሎች ግን ይንቀሳቀሳሉ። አንዳንዱ ፕላስቲኩን ለማለስለስ፣ አንዳንዱ ለማቅለም ወይም ፀሐይ እንዳያደርቀው የተጨመረ ነው፤ ሌላው ከፋብሪካ ሲወጣ የተረፈ ነው። ምግብ ሲነካቸው ቀስ እያሉ ወደ ምግቡ ይሻገራሉ። ሙቀቱ ሲበረታና ቆይታው ሲረዝም የሚሻገረው ይጨምራል። የምግቡ ጠባይም ትልቅ ድርሻ አለው፤ ውኃ እምብዛም የማያሟሟቸውን ብዙዎቹን ኬሚካሎች ቅባትና አልኮል አሟሟተው ያወጧቸዋል።

ምዕራብ ጎጃም ደግሞ የቅቤና የአረቄ አገር ነው። ቀድሞ በቅል ገበያ ይወጣ የነበረው ቅቤ ዛሬ በቡሬም በፍኖተ ሰላምም በፌስታል ተጠቅልሎ ወይም በፕላስቲክ ባልዲ ተሞልቶ ይታያል። አረቄው በጀሪካን ይጫናል፣ በባዶ ሃይላንድ ይቀዳል። ከወፍጮ ገና እንደ ወጣ የሚፋጀው በርበሬም ሳይበርድ በፌስታል ይታሰራል። ቅባት፣ አልኮልና ሙቀት፣ ሦስቱም ከፕላስቲክ ጋር የሚገናኙት እዚህ ነው።

በአውሮፓ ኅብረት ለረጅም ጊዜ ማከማቻ የሚሆን ፕላስቲክ በተለመደው አሠራር ሲፈተሽ የምግብ ዘይት ወይም የአልኮል ድብልቅ እንዲነካው ተደርጎ በ40 ዲግሪ ሙቀት 10 ቀን ይቆያል። አልኮሉ ከ20 በመቶ ለሚበልጥ መጠጥ መፈተሻው 50 በመቶ አልኮል ያለው ድብልቅ ነው። ዳግም አረቄ የሚመደበው ከዚሁ ጎራ ነው። በኅዳር 2005 ዓ.ም. ቻይና ውስጥ ጂዩጉይ በተባለው ታዋቂ አረቄ ውስጥ ፍታሌት የተባለ ማለስለሻ ከተፈቀደው በላይ ተገኝቶ አገሩን አነጋግሯል። ጥርጣሬው ያረፈው አረቄው በሚያልፍባቸው የፕላስቲክ ቱቦዎችና ዕቃዎች ላይ ነበር። አንዳንድ ፍታሌቶች የሰውነትን ሆርሞን ስለሚያዛቡ በተለይ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ያሰጋሉ።

ሃይላንድ የሚሠራበት ፔት የተባለ ፕላስቲክ ሲመረት ብዙውን ጊዜ አንቲሞኒ ይገባበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 20 ማይክሮ ግራም ነው፤ በጥላ የተቀመጠ የታሸገ ውኃ አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለሚይዝ የሚያሸብር ነገር የለውም። ጠርሙሱ የጋለ መኪና ውስጥ ሲከርም መጠኑ ያድጋል። ለአረቄ ማስቀመጫነት ግን ከመጀመሪያውም አልተሠራም፤ ለአረቄ የመስታወት ጠርሙስ አለ።

የአገራችን ሕግ ፌስታልን ያየው በአብዛኛው በቆሻሻነቱ ነው። የ1999 ዓ.ም. የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ መለኪያው 0.03 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ከልክሏል። ሁለቱም የተነሡት ለአካባቢ ንጽሕና ነው። የገበያ ቅቤ በምን እንደሚያዝ ማየት ግን የምግብ ቁጥጥር ሥራ ነው፤ ያ ዓይን ገበያው ድረስ ሊወርድ ይገባል።

ከሁሉ የከፋው የጀሪካን ሁለተኛ ሕይወት ነው። ለምግብ ዘይት የተሠራ ጀሪካን በራሱ ከፕላስቲኮች ሻል ያለው ነው፤ አደጋው ቀድሞ ምን እንደያዘ ያልታወቀው፣ በተለይም የተባይ መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ነው። በሰሜን ሜጫ ወረዳ የቆጋ ግድብ ወደ 7,000 ሄክታር ለሚጠጋ መሬት መስኖ እንዲያዳርስ ታስቦ የተሠራ ነው። ሽንኩርትና ድንች በመስኖ በሚለማበት አገር ሁሉ የተባይ መድኃኒት ይረጫል፣ ባዶ ዕቃም ይተርፋል። መድኃኒቱ የፕላስቲኩ ግድግዳ ውስጥ ስለሚሰርግ በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ ሙሉ በሙሉ አይለቅም፤ በኋላ ለሚገባው ውኃ፣ ጠላ ወይም ዘይት ግድግዳው ጥቂት በጥቂት ይመልሰዋል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት የሚመክረው ባዶው ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ፣ እጣቢው ከመርጫው ተጨምሮ እንዲረጭ፣ ዕቃውም ዳግም እንዳያገለግል እንዲበሳ ነው። ገበሬው ግን ክዳን ያለውን ደህና ዕቃ በስቶ መጣል ይከብደዋል፤ ለዕቃው ዋጋ ከፍሎበታል። ስለዚህ ባዶውን መልሶ የሚረከብና በምትኩ ንጹሕ ጀሪካን የሚሰጥ አሠራር ከመድኃኒት ሻጩና ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ መጀመር አለበት።